ካባ

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ልቤን ሣለልኝ፤
«ሦስት ቦታ ተዘግቷል» ብሎ ነገረኝ፤
«ከእግርህ ደም ሥር ወስደን
ከተዘጋው በላይና ከተዘጋው በታች ሰፍተን
ደሙን በዚያ እናሳልፋለን» ሲል
ሳቅሁ፤ አልደነገጥሁም ያን ያህል።
የግሬደር ሰው ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ከአፈር ጋራ፣
ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን ስገራ፤
ናዳ መንገድ ሲበላ፣ ጉም ገደሉን ሲሸፍን
«ተለዋጭ መንገድ» የሚል ሰሌዳ የተከልሁ ስንት ቀን።
«ገባኝ ዶክተር» አልሁት።
ጠጠር የወጣበት ካባ ኋላ ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቅሁት።

ደብረ ሲና ስመለስ ቤቱ በጠያቂ ሞላ፤
ሙዝና ብርቱካን ያንጠለጠለው ሁላ
«ልብህ እንዴት ነው?» ይላል።
ደረቴን ገልጬ አሳያለሁ፣ ስፌቱ እንደ ዚፕ ያበራል።
ልቤ ተመሰገነ፣ ልቤ ካባ ደረበ፤
እግሬን ማንም አልጠየቀው፣ ጋቢው ሥር ተሰበሰበ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባቴ ጋለ።
ቀላ፤ አበጠ፤ ከዚያ ክሩ መሃል ላይ ላላ አለ፤
ቢጫ ውሃ ካልሲዬን ከቆዳዬ አጣበቀ።
ዝም አልሁ። ልብን ያህል ነገር ተጠግኖለት ስለ ባት የሚያለቅስ፣ ሰው ሳቀ!
ደግሞም ስኳር አለብኝ፤ ስኳር ያለበት ቁስሉን እንደ ሌባ ይደብቃል፤
ሽታ ግን ያሳብቃል።
የሺመቤት አንድ ሌሊት ብርድ ልብሱን ገለጠች፤
አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም፤ መስኮቱን ብቻ ከፈተች፣
በዚያ ብርድ!
ሲነጋ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን፣ ዳገቱን ይዘን፣ በደብረ ብርሃን መንገድ።

ሲስተር እታፈራሁ ክሩን በመቀስ ለቀመች፤
የሞተውን ቆርጣ ጣለች፣ በጨው ውሃ አጠበች።
«ይስፉት» አልኋት፤ «ክፍቱን አይተዉት፤ ማየቱ ያስጠላል።»
«የለም» አለች፤ «ከላይ ከተዘጋ ውስጥ ውስጡን ይበላል።
ቁስል ከሥር ወደ ላይ ነው የሚሞላ፤
እኛ ጎዝ እንጎዘጉዛለን፣ ሥጋው በራሱ ጊዜ ይሙላ።»

ያኔ ትዝ አሉኝ፣ አቶ ቀጸላ።

ከመዘዞ ማዶ ጠጠር ስናወጣ ካባው ከማሳቸው ሥር ነበር፤
ድማሚት፣ አቧራ፣ ገልባጭ መኪና፤ በጋው እንዲያ ያልፍ ነበር።
መንገዱ አለቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፤
አለቆች ካባ ለበሱ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።
እሳቸው ከዳር ቆመው፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ወደኔ መጡ፦
«ልጄ፣ የቆፈራችሁትን ማን ይሙላው?» ብለው ጎርበጥ ሳይሉ፣ ሳይቆጡ።
ከወንበሬ ሳልወርድ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ
«አባቴ፣ የኔ ሥራ መንገድ ነው» አልሁ። ድምፄ በጭስ ውስጥ ጠፋ፤
ሰምተውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም።
ክረምት ገባ፤ ካባው ውሃ ቋጠረ፤ ጊደራቸው ሰጠመች ሲባልም
እኔ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነበርሁ።

«ልቤ ካባ ለበሰ፣ እግሬ ካባ ሆነ» ብዬ ለሲስተር ነገርሁ።
ሳቀች፤ «ቅኔ ቤት ገብተው ያውቃሉ?»
«የለም፤ መንገድ ሥራ ነው።» የተደረደሩት በሽተኞች ሳቁ፣ ያልሰሙትም ጭምር ሁሉ።

በየሁለት ቀኑ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ትከትና ትለካለች፤
«ሦስት ሳንቲም»፤ በሳምንቱ «ሁለት ተኩል» ትላለች።
ልቤማ ደረቴ ውስጥ ይመታል፣ ተበድሮ እንደረሳ ባለጸጋ፤
ከታች ማን እንደከፈለ አያውቅም፣ የመንገዱን ዋጋ።

ትናንት ስመለስ ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ የመዘዞ ልጅ ነው።
«ያ ካባ ተሞላ?» አልሁት።
«የቱ ካባ?» አለኝ። ሌላ ምን ልጠይቀው?

ሚኒባሱ መገንጠያው ጋ ሲደርስ ውስጤ «ወራጅ አለ!» ይለዋል፤
እግሬ ግን ገና ነው፤
ሁለት ሳንቲም ይቀረዋል።